የጭሱ ምስክር፦ ስለ መኪናችሁ ኦክስጅን ሴንሰር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በቤር ሼባና በአካባቢዋ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ከአውራ ጣት ብዙም ስለማይበልጥ፣ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተተክሎ ስለሚኖር ዕቃ ነው። ኦክስጅን ሴንሰር ይባላል። ዔሜቅ ሳራ የኢንዱስትሪ ሰፈር ካሉት ሙሳኮች (ጋራዦች) ወደ አንዱ ብትሄዱ «ሐይሻን ሐምጻን» ሲሉት ትሰማላችሁ፤ ቆየት ያሉት መካኒኮች ደግሞ «ላምዳ» ይሉታል።

ያገለገለ መኪና የሚነዳ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ይገጥመዋል። ቴስት (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢጫዋ የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ ትላለች። መኪናው ሙሳክ ይገባል፣ ኮምፒውተር ይሰካበታል፣ «ሴንሰሩ ነው» ይባላል፣ ሴንሰሩ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ መብራቷ እንደገና ትበራለች። አሁን ደግሞ ሌላ ዕቃ ይታዘዛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ኦክስጅን ሴንሰር ምስክር ነው። ከሞተሩ የወጣውን ጭስ አይቶ ያየውን ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ምስክር ያረጃል፣ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይዋሻል። ብዙ ጊዜ ግን ምስክሩ እውነቱን ተናግሮ ሳለ እኛ እሱን አስረን ጥፋተኛውን በነፃ እናሰናብታለን። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ግማሹ ስለ መቀየር ከሆነ፣ ግማሹ ደግሞ ከመቀየር በፊት ስለ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። ቤንዚን በትክክል እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። አየር ይመዘናል እንዴ ብትሉ፣ አዎ ይመዘናል፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከአንድ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ቤንዚን ለማንደድ ሞተሩ የአንዲት ጠባብ ክፍል ሙሉ አየር፣ ወደ 12 ሜትር ኩብ ገደማ ይስባል ማለት ነው። ይህ ልክ ሲጠበቅ ላምዳ የሚባለው የአየርና የነዳጅ መለኪያ ቁጥር አንድ ነው ይባላል። አየሩ ከበዛ ቁጥሩ ከአንድ በላይ ይወጣል፤ ነዳጁ ከበዛ ከአንድ በታች ይወርዳል።

ልኩን መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ካታሊቲኩ ነው ምክንያቱ። ከሞተሩ በታች፣ ከማርሚታው በፊት ያለው ይህ ዕቃ በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድኖች አሉት፤ ሌባ የሚመኘውም ለዚሁ ነው። ሦስት መርዞችን፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን፣ አንድ ላይ ማጽዳት የሚችለው ግን ነዳጅና አየሩ እዚያው ልኩ አካባቢ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከልኩ ትንሽ ወጣ ሲል አንዱን እያጸዳ ሌላውን ያሳልፋል።

ነዳጅና አየርን እንዲህ በቅርብ ለመቆጣጠር ጭሱን የሚያይ ዓይን ያስፈልግ ነበር። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ይህን ሴንሰር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ማምረት ጀመረ፤ መጀመሪያ የተገጠመውም ወደ አሜሪካ ገበያ በሚላኩ የቮልቮ መኪኖች ላይ ነው። ዛሬ በጎዳናችን ከሚያልፉት የቤንዚን መኪኖች፣ ቶዮታም ሆነ ሂዩንዳይ፣ ኪያም ሆነ ማዝዳ፣ ያለ እሱ የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል።

ውስጡ ምን አለ? ዚርኮኒያ ከሚባል ሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ትንሽ ቆብ አለ፤ ውስጡም ውጪውም በስሱ ፕላቲነም ተቀብቷል። በአንድ ወገኑ የምንተነፍሰው አየር ይነካዋል፤ ይህ አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። በሌላው ወገኑ ጭሱ ያልፋል። ቆቡ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል የኦክስጅን ቅንጣቶች ከበዛበት ወገን ወዳነሰበት ለመሻገር ይገፋሉ፤ ያ ግፊት ኤሌክትሪክ ይሆናል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከሌለ፣ ማለትም ነዳጅ ከበዛ፣ ወደ 0.9 ቮልት ይሰጣል። ኦክስጅን ከተረፈ፣ ማለትም ነዳጅ ካነሰ፣ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ከፍ ሲልበት ነዳጅ ይቀንሳል፣ ዝቅ ሲልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሴንሰር ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ቮልቱ ያለ ዕረፍት ሲወጣ ሲወርድ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የቀረ ወይም እየተንቀራፈፈ የሚንቀሳቀስ ካያችሁ ያኔ ሴንሰሩን ራሱን መጠርጠር ይገባል።

ይህ ያልኳችሁ የቆየው ዓይነት ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ፊት ለፊት ያለው ሴንሰር «በዛ» ወይም «አነሰ» ብቻ አይልም፤ ምን ያህል እንደበዛና እንዳነሰ ጭምር ይለካል። እሱን በተራ የቮልት መለኪያ ልትመረምሩት አትችሉም፤ በኮምፒውተር ነው የሚነበበው። በሁለቱ መካከል ዕቃ መለዋወጥም አይቻልም፤ ብሎኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ገጥሞ ይታሰራል እንጂ አይሠራም።

አሁን የኛን ከተማና የመጣንበትን ሀገር የሚመለከት ነገር ልንገራችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ወደ 2,300 ትጠጋለች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። በካርቡራተር ዘመን ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ መኪና ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋ የነበረው ለዚህ ነው፤ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ግን እንደነበረው ይፈስስ ነበር። ዛሬ ከቤር ሼባ ተነሥታችሁ ወደ ዓራድ ወጥታችሁ፣ ከዚያ ወደ ሙት ባሕር ስትወርዱ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ከባሕር ወለል በታች ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ። ሞተሩ ምንም አላለም፤ እናንተም አላወቃችሁም። የአየር መለኪያው የገባውን አየር ቆጠረ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን መጠነ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ ጭሱን እያየ ስሌቱ መሳቱንና አለመሳቱን መሰከረ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መብራቷ እንመለስ። ሙሳክ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ፒ ብሎ የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። እባካችሁ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ጻፉት። «ሴንሰር ነው» የሚለው ቃል አይበቃም፤ ቁጥሩ ብዙ ይለያያልና።

ፒ 0135 ወይም ፒ 0141 ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚከስሰው የሴንሰሩን ማሞቂያ ነው። ቆቡ እስኪግል ዝም ስለሚል በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደርጎለታል። ማሞቂያው ሲቃጠል ሴንሰሩ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። እዚህ ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሴንሰሩ ነው፤ ግን ፊውዙን ሳያዩ መቀየር ሞኝነት ነው። የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን፣ በኦም መለኪያ ስትነኩ ጥቂት ኦም ካሳየ ደህና ነው፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

ፒ 0133 ሴንሰሩ ተንቀራፈፈ ማለት ነው። ይህም ብዙ ጊዜ እርጅና ነው። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር እንደ ዓይነቱ ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል፤ ማሞቂያ የሌለው የድሮው ግን ከዚያ ግማሹን ያህል ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር፣ በተቃጠለ ጉዋርኒሲዮን በኩል ወደ ሞተሩ የሚገባ የራዲያተር ውኃ፣ ለሞተር ጥገና የማይሆን ሲሊኮን ማስቲሽ፣ እነዚህ ሁሉ ቆቡን ይሸፍኑትና ዕድሜውን ያሳጥሩታል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በድሮ ጊዜ ትልቁ ገዳይ ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ ሀገሮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2006 ድረስ ትተውታል፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ያንን ዛሬ አትጠርጥሩት።

አሁን ዋናው ጉድ። ቁጥሩ ፒ 0171 ከሆነ ትርጉሙ «ነዳጅ አንሷል፣ አየር በዝቷል» ነው። ይህ የምስክሩ ቃል እንጂ በምስክሩ ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን አየ፣ ተናገረ። ከየት መጣ? በቤር ሼባ ሙቀት ከአየር መለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ያልተቆጠረ አየር ሾልኮ ይገባል። የነጌቭ አቧራ ሌላው ነው። ማዕበል ካለፈ በኋላ ፊልትሮ ተቀይሮ ሳጥኑ በደንብ ሳይዘጋ ከቀረ አቧራው የአየር መለኪያውን ስስ ሽቦ ይለብሰዋል፤ መለኪያው የገባውን አየር አሳንሶ ይቆጥራል፤ ነዳጁም ያንሳል። የተዳከመ የነዳጅ ፓምፕ አለ፣ የተደፈነ ነዳጅ መርጫ አለ። ይህን ሁሉ ሳያዩ ሴንሰር የቀየረ ሰው መብራቷን መልሶ ያያታል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ቀዳዳው ነው። ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ቱቦ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ ጭስ ወደ ውጭ ይወጣል ብለን እናስባለን። ይወጣል፤ ግን በየምቱ መካከል ግፊቱ ስለሚወርድ አየርም ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ያንን የውጭ ኦክስጅን ያይና «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ነዳጅ ይበላል፣ ካታሊቲኩ ይጋጋላል፣ ባለቤቱ ቤንዚን ጨመረብኝ ይላል። አንድ ካንዴላ ሳይለኩስ ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ያልነደደው አየር ከነኦክስጅኑ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል። ማልዳችሁ ሞተሩን ስታስነሱ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ስንጥቅ ጠርጥሩ።

ፒ 0420 የሚባለውንም ብዙዎች ያውቁታል። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር የሚመሰክረው በካታሊቲኩ ላይ ነው። ካታሊቲኩ ደህና ከሆነ የሁለተኛው ቮልት ረጋ ብሎ ይቆያል። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው መወዛወዝ ከጀመረ ካታሊቲኩ ደክሟል ማለት ነው። ሁለተኛውን ሴንሰር መቀየር ይህን ቁጥር የሚያጠፋው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ሙሳክ ስትገቡ ቁጥሩን ከጠየቃችሁ በኋላ «የነዳጅ ማስተካከያው ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ጠይቁ። ከአሥር በመቶ ወዲህ ወዲያ ያለ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከሃያ በላይ ከወጣ ግን ሌላ ጥፋት አለ። «የጭስ ቱቦው ቀዳዳ ታይቷል ወይ? የአየር ቱቦውስ?» በሉ። የሚቀየረው ሴንሰር የመጀመሪያው ይሁን ሁለተኛው፣ የኩባንያው ይሁን ተመሳሳዩ፣ ከሥራ በፊት ዋጋው በጽሑፍ ይሰጣችሁ። አሮጌውን ዕቃ መልሱልኝ ማለትም ነውር የለውም። ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በስልካችሁ ላይ ይጻፍላችሁ፤ ስልኩን ለመካኒኩ ማሳየት ነው። ጥሩ መካኒክ በጥያቄ አይቆጣም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ምርመራው ተደርጎ ሴንሰሩ በእርግጥ ሞቷል እንበል። እጁ ያለ ሰው ራሱ ሊቀይረው ይችላል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ አስቸጋሪው የዛገው ብሎን ነው።

ከቤት ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ሥሩ። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ መተንፈስ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። መኪናው ከተነሳ ድጋፍ ይደረግበት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የትኛው ሴንሰር እንደሆነም እርግጠኛ ሁኑ፤ «አንድ» የሚባለው ከካታሊቲኩ በፊት ያለው ነው፣ «ሁለት» ከኋላው ያለው። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወገን ብቻ ነው ያለው፤ ባለ ስድስቱ ግን ሁለት ወገን ሊኖረው ይችላል፣ አንደኛ ወገን የሚባለውም አንደኛ ሲሊንደር ያለበት ነው።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታ ረጭታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አስነስታችሁ ቱቦውን ለብ አድርጉት፣ ከዚያ አጥፉት። ለብ ይበል እንጂ አይጋል፤ ሞቆ የሠራ የጭስ ቱቦ ቆዳ ይዞ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን መጀመሪያ ንቀሉ፤ ሳትነቅሉ ካዞራችሁ ሽቦው ተጠማዞ ይበጠሳል። ከዚያ 22 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ተብሎ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ሽቦውን የሚያሳልፍ ልዩ ቡሽ ይሸጣል። ከተራው ቁልፍ ይልቅ እሱን ግዙ፤ ጠርዙን በልታችሁት የቀረ ብሎን ከቡሹ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። አልወጣ ካለ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያደረጋችሁ አባብሉት። ጥርሱን ይዞ ከወጣ እዚያው አቁሙና ወደ ሙሳክ ውሰዱት፤ ቱቦውን መቀየር እንዳይመጣ።

አዲሱ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ላይ ግራጫ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ያንን አትጥረጉት፣ ሌላም አትጨምሩበት። ጫፉ ላይ ዘይት፣ ቅባት ወይም የጽዳት መርጫ እንዳይነካው። መሬት ላይ የወደቀ ሴንሰር አትግጠሙ፤ ቆቡ ውስጥ ውስጡን ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጃችሁ ጥቂት ዙር አስገቡት፤ በእጅ እምቢ ካለ ጥርሱ ተሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ አጥብቁት፤ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፣ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው ግን እሱን ያዙ። ሽቦው ከጋለው ቱቦ ርቆ በነበረበት መያዣ ይታሰር። ሽቦ ቆርጦ የሌላ መኪና ሶኬት መቀጠል ብዙ ቦታ ይሠራል፤ አትመኑት። በብዙ ሴንሰሮች የውጭው አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያው በሽቦው መካከል ነው፤ በቆርቆሮ ከተበየደ ወይም ቅባት ከሞላው ሴንሰሩ ታፍኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። ጠዋት ቁጥሩን አስጠፍቶ ከሰዓት ቴስት የሚሄድ ሰው ግን ይቸኩላል። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች እንደገና እስኪያልቁ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ መነሳት፣ ከተማ ውስጥ መሄድ፣ ፍጥነቱን ጠብቆም መንዳት አለበት። ከሽኹና ዳሌት ሶሮካ ሆስፒታል ድረስ ብቻ የሚመላለስ መኪና በደንብ ሳይሞቅ ነው የሚጠፋው፤ ሴንሰሩም ጥላሸት ይለብሳል። በ40 ቁጥር መንገድ እስከ ልሃቪም መገንጠያ ደርሶ መመለስ ለሞተሩም ለምርመራውም ይጠቅማል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ካታሊቲኩንም ሴንሰሩንም ነቅሎ መጣል አይቻልም ወይ? አዲስ አበባ እንደዚያ ያደርጋሉ» ይባላል። ያደርጋሉ፣ እውነት ነው። እዚህ ግን ቴስት ላይ ጭስ ይመረመራል። ከዚያም በላይ የመጀመሪያው ሴንሰር ከተነቀለ ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎም ነዳጅ ያበዛል። የተቆጠበው ገንዘብ በየቤንዚን ማደያው ይከፈላል።

አዲስ አበባ ካልን፣ ለዘመድ ሴንሰር ለምትልኩ አንድ ቃል ልጨምር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር ሞልቷል፤ ያገለገለ ሴንሰር መግዛት ግን አልመክርም፣ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ዓይቶ መለየት አይቻልምና። ከዚህ ስትልኩ «ቪትዝ ነው፣ ኮሮላ ነው» የሚለው አይበቃም፤ ለጃፓን የተሠራው ቪትዝና ለአውሮፓ የተሠራው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ዘመዳችሁ አሮጌው ሴንሰር ላይ የተቀረጸውን የዕቃ ቁጥር፣ የሶኬቱን ፎቶና የሻንሲውን ቁጥር ይላክላችሁ። በነዚያ ሦስቱ ግዙ፤ በኦሪጅናሉ ካርቶን ውስጥ፣ በልብስ መካከል አድርጋችሁ ላኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መኪና ባትሪና ስለ በጋው ሙቀት እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)